ደህናውን ቀን ፍሪው

«እትዬ እንደምን ሰነበቱ። ስሜን አይጻፉት እንጂ የጅማ ልጅ ነኝ፣ መንቲና ነው ምኖረው፣ 31 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሜ እመዘግባለሁ፣ ለአቅራቢዎችም ሒሳብ እከፍላለሁ፣ ቋሚ ነኝ፣ አምስት ዓመት ሆነኝ። ኅዳር ላይ ኃይለኛ ጉንፋን ያዘኝና አሥር ቀን ተኛሁ። አብራኝ ምትሠራው ልጅ ተመርምራ ኮሮና ነው ተባለች፣ እኔ አልተመረመርኩም። ሳሉም ትኩሳቱም ለቀቀኝ፣ ግን ይኸው ነሐሴ ገባ አልዳንኩም። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ጆንያ ስሸከም ያደርኩ ነው ሚመስለኝ። ስቆም ልቤ ድው ድው ይላል። ጭንቅላቴ ጭጋግ ለብሷል፣ ሰው እያወራኝ ምን እንዳለኝ ይጠፋኛል። ሰኔ ላይ ሒሳብ ስከፍል 3,500 ብር ጎደለብኝና ከደሞዜ ተቆረጠ። ክሊኒክ ሦስቴ ሄጄ ሦስቴም ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ፣ ለውጥ የለም። አማቴ ዓይን ነው ይላሉ፣ ፍልሰታን እየጾምኩ ጸበል ውሰዱኝ ብያለሁ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ባለፈው ‹ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ደህና ነሽ፣ ቤት ስትገቢ ነው ሚያምሽ› ሲለኝ አለቀስኩ። አለቃዬ ደግሞ ጥቅምት ላይ ቡና ሲገባ እንዲህ ሆነሽ አይሆንም እያለኝ ነው። ሰንፌ ነው ወይስ አእምሮዬ ነው? ሥራዬን ልልቀቅ?»

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለተኛውን ጊዜ ባለቤትሽ ያላትን ነገር ለማየት ብዬ ነው። ለቅሶ ቤት ደህና ነሽ ቤት ስትገቢ ነው ሚያምሽ። ሰውዬው ሊወጋሽ ብሎ ተናገራት እንጂ ይሄን በሽታ ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው የለም፣ ሐኪም ቢሆን ጎሽ እለው ነበር። በቃ እንደዛ ነው ሚሠራው። ስትሠሪ አያምሽም፣ ሠርተሽ ገብተሽ፣ ተኝተሽ፣ አንዳንዴ በማግስቱ አንዳንዴም በሳልስቱ ነው ሚመጣው፣ ሲመጣ ደግሞ የሠራሽውን ነገር ረስተሽዋል፣ ስለዚ ከምንም ተነስቶ የመጣ ይመስልሻል፣ እሱም እንደዛ ይመስለዋል። አይቶታል፣ ፍርዱ ነው የተሳሳተው።

ሰንፈሽም አይደለም፣ አእምሮሽም አይደለም። ከቫይረስ በኋላ ሚቀር በሽታ ነው ያለብሽ ብዬ ነው ማስበው፣ እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ ማስበው ነው ያልኩት፣ ሐኪሙ ጋር እንዴት እንደምትሄጂ ወደ ታች እነግርሻለሁ። ከኮሮና በኋላ ሲሆን ሎንግ ኮቪድ ይሉታል፣ ስሙን ያወጡት በ2020 ራሳቸው በሽተኞቹ ናቸው፣ ዶክተሮቹ ገና ምን እንደሆነ ሳይገባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2021 ጥቅምት ላይ ትርጉም ሰጠው፣ ከታመምሽ ወደ ሦስት ወር ግድም ያለ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየ፣ ሌላ በሽታ ደግሞ ሊያስረዳው ያልቻለ ምልክት ነው ሚለው። እዛ ትርጉም ውስጥ ለኛ አገር ሰው ሚጠቅም አንድ ነገር አለ፣ ተመርምረሽ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት መያዝ ግዴታ አይደለም፣ ሊሆን ይችላል ተብሎ ሚገመት በቂ ነው። አብራሽ ምትሠራው ልጅ ኮሮና ከነበረባት አንቺ አልተመረመርኩም ብለሽ ራስሽን አትጠራጠሪ። ኮሮና እኮ አለፈ ሚሉሽ ሰዎች ያለፈው ወሬው ነው፣ ቫይረሱማ አለ።

ደሞ ኮሮና ብቻ እንዳይመስልሽ። ዱቦ ሚባል የአውስትራሊያ ከተማ አካባቢ ሦስት ዓይነት ተላላፊ በሽታ ያመማቸውን 253 ሰዎች ተከታትለው በፈረንጆቹ 2006 ያወጡት ጥናት አለ፣ ስድስት ወር ሲሞላ 29ኙ እንዳንቺው ድካም፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ የጭንቅላት ጭጋግ ላይ ናቸው። በሽታዎቹ የተለያዩ ናቸው የቀረው ግን አንድ ዓይነት ነው። እና ማን ነው የቀረበት ብለው ሲያዩ ጭንቀታሙ አይደለም፣ ሴቷ ወንዱ አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ክፉኛ የታመመው ነው። ይሄን ያነበብኩ ቀን እኔም እንዳንቺው አልቅሻለሁ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በኛው አቆጣጠር ሚያዝያ 2013 ላይ ኮሮና ይዞኝ ነበር፣ ያኔ አገሩ ሁሉ ይታመም ነበር፣ እኔም ሂሳብ ክፍል ነበር ምሠራው። ዳንኩ ብዬ ሥራ ገባሁ፣ ከዛ መውደቅ መነሳት ሆነ። አንድ ቦታ ሄጄ (ስሙ ይቅር) ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጭንቀት ነው ባል አለሽ ወይ አለኝ። እሺ ብዬ ጭንቀቴን ይዤ ወጣሁ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ደህና ሆኜ ተነሳሁ፣ እንደድሮዬ፣ ሰማዩም ብራ ነበር፣ ጅማ ላይ ብራ ሲሆን ደሞ ታውቂዋለሽ ሰው ቤቱ አይቀመጥም፣ ሐሙስ ገበያ ወጣሁ፣ ጤፉን በርበሬውን ቅቤውን ሸማመትኩ፣ ባጃጅ ጠፋ ብዬ ግማሹን በእግሬ ሄድኩ፣ ቤት ገብቼ ደስ ስላለኝ ቡና አፈላሁ ጎረቤት ጠራሁ። ሁሉም ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን ዳንሽልን አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሳት አቃተኝ፣ አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ቤቴ አልመጣም፣ ድናለች ተብሏላ!

አየሽ፣ የጣለኝ ደህናው ቀን ነው። ክፉ ቀንማ ምን ያደርግሻል፣ ተኝተሽ ነው ምታሳልፊው። ደህናው ቀን ነው ሚያታልለው፣ ስንት ቀን የተጠራቀመ ሥራ አለ፣ የተጠራቀመ ይሉኝታ አለ፣ ዛሬ ካልሠራሁ መቼ ልሠራ ነው ትያለሽ፣ ከዛ የሌለሽን ጉልበት ትበደሪያለሽ። ሞባይልሽ ላይ ካርድ ሲያልቅ ብድር እንደምትጠይቂው ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባልሻል፣ ታወሪያለሽ፣ ደስ ይልሻል፣ ነገ ካርድ ስትሞይ ግን ከነሰርቪስ ቻርጁ ላፍ ነው። ይሄኛው አበዳሪ ደሞ ከቴሌ ይብሳል፣ ስንት እንደሚቆርጥብሽ ቀድሞ አይነግርሽም። ሁለት ሰዓት ተበድረሽ አራት ቀን ሊቆርጥብሽ ይችላል። ሐኪሞቹ ከድካም በኋላ የሚመጣ መባባስ ይሉታል፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው ሚመጣው፣ ጆንያ ማንሳት ብቻ አይደለም ሚያመጣው፣ ሒሳብ መሥራትም፣ መጨቃጨቅም፣ ማልቀስም፣ ጫጫታ ያለበት ሰርግ ቤት መቀመጥም ያመጣዋል።

ስለዚ መጀመሪያ ምታደርጊው ነገር ደብተር መግዛት ነው። ለአሥራ አራት ቀን ብቻ። ማታ ማታ ሦስት ነገር ጻፊ፣ ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ስንት ሰዓት ቆምኩ፣ ከአሥር ስንት ነኝ። ሌላ አትጻፊ ጭንቅላትሽን ታደክሚዋለሽ። አሥራ አራት ቀን ሲሞላ የወደቅሽበትን ቀን ሁሉ አክብቢና ሁለት ቀን ወደኋላ ቁጠሪ፣ እዛ ጋ ምን እንዳለ እዪ። ባለቤትሽን አጠገብሽ አስቀምጪና እሱ ይቁጠር፣ አንቺ አትቁጠሪ። ሰው ራሱ ቆጥሮ ያገኘውን አይክድም። እኔ እንደዛ ነው ቤተሰቤን ያሳመንኩት፣ ስንት ወር በአፌ ነግሬ ያልገባቸው በአንድ ማታ ገባቸው።

ከደብተሩ አቅምሽ ስንት እንደሆነ ይገባሻል፣ ገባሽ ማለት ከዛ በታች ትኖሪያለሽ ማለት ነው፣ ደህና በሆንሽበትም ቀን። ከባዱ እሱ ነው። ደህና ቀን ስታገኚ የክፉ ቀንሽን ያህል ባይሆንም የመካከለኛ ቀንሽን ያህል ብቻ ሥሪና ቁጭ በይ፣ እጅሽ እየበላሽ ቁጭ በይ። ሳይደክምሽ እረፊ፣ ከደከመሽ በኋላ ያረፍሽው ረፍት አይቆጠርም ብትዪ ይሻላል። ረፍት ስልሽ ደሞ አልጋ ላይ ሆኖ ቲክቶክ ማገላበጥ አይደለም፣ ዓይን ጨፍኖ ጀርባ አስደግፎ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራቴ። ሽንኩርት ቁጭ ብለሽ ክተፊ። ልብስ በአንድ ቀን አትጠቢ፣ የልጆቹን ዩኒፎርም አንድ ቀን አንሶላውን ሌላ ቀን (በነሐሴ እዚህ አገር የታጠበ ልብስ እንደሁ በሦስት ቀኑም አይደርቅ፣ ምን አስቸኮለሽ)። ጀሪካን አታንሺ፣ በፍጹም። አጭር ነው ብለሽ በእግርሽ ምትሄጃትን መንገድ በባጃጅ ሂጂ፣ ያ ብር ከመድኃኒት ቤቱ ብር ይረክሳል።

አሁን ሰው ምን እንደሚመክርሽ እዚሁ ቁጭ ብዬ ልነግርሽ እችላለሁ። አንዱ ስፖርት ሥሪ ሰውነትሽ ተሳስሮ ነው ይልሻል። ድሮ ሐኪሞቹም እንደዛ ነበር ሚሉት፣ በየሳምንቱ እንቅስቃሴ እየጨመርሽ ሂጂ ነበር። እንግሊዝ አገር ናይስ ሚባለው የሕክምና መመሪያ ሚያወጣው ተቋም በ2021 ጥቅምት ላይ ይሄ ድካም በሥራ ሚባባስባቸው ሰዎች ላይ ያንን አካሄድ አንስቶታል። አምስተርዳም ውስጥም 25 የሎንግ ኮቪድ ሰዎችንና 21 ጤነኞችን ብስክሌት አስነድተው ከጡንቻቸው ናሙና ወስደው አይተዋል፣ በ2024 ነው የወጣው፣ በሽተኞቹ ጡንቻ ላይ ጉዳት አለ፣ ከእንቅስቃሴው በኋላ ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ ጡንቻ አይዋሽም መቼም። እያገገምሽ ስትመጪ ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ሌላ ነገር ነው፣ አሁን ግን እያመመሽ ጨክኚ ሚልሽን አትስሚ።

ሌላው ደሞ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሰው፣ አይቀርም፣ ትንሽ ጫት ያዥበት ይልሻል። ጅማ ላይ ሆኖ ይሄን አለመናገር ውሸት ነው። እውነቱን ነው ያነቃሻል። ግን ያው ብድር ነው፣ ብድር ላይ ብድር፣ ምርቃናው እያለ አቅምሽ የት ጋ እንዳለቀ አይታወቅሽም፣ ልብሽ ድሮም ይመታል ይጨምርበታል፣ እንቅልፍሽን ደግሞ ይወስደዋል። ቡናስ ካልሽኝ አቦሉን ጠጪ፣ ቶናና በረካውን ተይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ጭራሽ አትጠጪ፣ ጠጥተሽ ልብሽ ከባሰበት አቦሉንም ተይው። የቡና አገር ልጅ ሆኜ ይሄን መጻፌ ለራሴም ያሳፍረኛል። ግሉኮስ ማስተከልና የቫይታሚን መርፌ መወጋት ደሞ ብር ነው ሚጨርሰው፣ ምርመራ አድርገሽ የጎደለሽ ነገር እስካልተገኘ ድረስ። የሚያድን ተብሎ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለውም፣ አለኝ ብሎ ሚሸጥልሽ ካለ ከሱ ራቂ።

ታይፎይዱን ተይው። ያ ዋይዳል ሚባለው ምርመራ የድሮ ታይፎይድም፣ ሌላ ኢንፌክሽንም፣ ወባም ፖዘቲቭ ሊያሳየው ይችላል፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ትኩሳት የሌላት ሴት ሦስቴ ታይፎይድ አይዛትም። ግን የተገላቢጦሹም አለ፣ ድካም ሁሉ ከቫይረስ በኋላ የመጣ ነው ብለሽ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይደበቅብሽ። ስለዚ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂጂና እነዚህን አይተውልኝ ያውቃሉ ብለሽ ጠይቂ፣ ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ኩላሊትና ጉበት፣ ኤችአይቪ፣ ቲቢ፣ ትኩሳት ካለሽ ወባ፣ እርግዝናም አለመኖሩን። ስትገቢ ታሪክ አታውሪ፣ ሐኪሙ ጊዜ የለውም፣ ወረፋውን ታውቂዋለሽ፣ ከደብተርሽ አንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ስጪው። ኅዳር እንዲህ ሆንኩ፣ ከሠራሁ በሁለተኛው ቀን እንዲህ እሆናለሁ፣ በፊት ይሄን እሠራ ነበር አሁን ይሄን አልችልም። እሱ ብቻ ይበቃል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ ላይ ከኮሮና በኋላ ለሚቀረው በሽታ ዩ09.9 ሚባል ቁጥር አለው፣ ወረቀት ላይ ድካም ብቻ ተብሎ ከሚጻፍልሽ ይሄ ቢጻፍልሽ አለቃሽ ጋ ይከብዳል።

ልብሽ ሲመታ ደሞ ቤትሽ ሆነሽ ምትሞክሪው ነገር አለ፣ ሰው አጠገብሽ ይሁን። አሥር ደቂቃ ተጋደሚና የደም ትርታሽን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፣ ከዛ ቁሚ፣ ሳትንቀሳቀሺ፣ ግድግዳ ደገፍ ብለሽ፣ በየሁለት ደቂቃው ቁጠሪ እስከ አሥር ደቂቃ። ከተኛሽበት በ30 ወይም ከዛ በላይ ጨምሮ ከቀረ ቁጥሩን ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪ፣ ሊጥልሽ ሲል ግን አቁሚ ጀግንነት አያስፈልግም። ብዙዎቻችን ላይ ይሄ አለ፣ ስትቆሚ ደሙ ወደ እግር ይወርዳልና ልብ ለማካካስ ይሮጣል። ለዚህ ሚረዳ ነገር ስላለ ነው ምነግርሽ፣ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ችግር ከሌለሽ በሐኪም ፈቃድ ጨው መጨመር፣ እግር ሚጨብጥ ካልሲ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቁጭ ብሎ መሥራት። ደረትሽን ከወጋሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ወይ ማታ ማታ እያላበሽ ከከሳሽ ደብተሩንም አሥራ አራት ቀኑንም ትተሽ በዛው ቀን ሂጂ።

ስለ ጸበሉ። እኔ አትሂጂ አልልሽም፣ እምነትሽ ነው፣ እኔም ሄጃለሁ። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበዪ ሳትጠጪ ቆመሽ ወረፋ ጠብቀሽ ከሆነ በሳልስቱ ምትወድቂው ሰይጣኑ ስላልወጣ እንዳይመስልሽ፣ ስለቆምሽ ነው። ለንስሐ አባትሽ ታምሜ ነው በያቸው፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። ጎረቤቶችሽ ሙስሊሞቹም ረመዳን ላይ በሽተኛ አይጾምም። አማትሽን ደግሞ ዓይን አይደለም ብለሽ አትከራከሪያቸው፣ አትረቺም፣ ይልቅ እማማ ጸበሉን እርስዎ ያምጡልኝ እኔ ተኝቼ ልጠጣ በያቸው። ሥራ ይፈልጋሉ እንጂ ክርክር አይፈልጉም፣ አማቶችን አውቃለሁ፣ አሁን እኔም አማት ነኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አይደል። አንቺ አልደበቅሽውም፣ በሽታው ነው ራሱን ሚደብቀው። ሰው ሚያይሽ በደህና ቀንሽ ነው፣ ለብሰሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ለቅሶ ቤት በር ላይ። መኝታ ቤትሽ ውስጥ መጋረጃ ዘግተሽ የዋልሽበትን ቀን ማን አየው? ስለዚ አሳዪአቸው። አንድ ሁለት ምታምኛቸው ጎረቤቶች በክፉ ቀንሽ ይግቡ፣ ቤቱም አይጠረግ፣ አንቺም አትነሺ፣ ቡና አፍልተው ይጠጡና ይሂዱ። የአንዲት ሴት ወሬ በእድሩ ሙሉ ለመዳረስ ሁለት ቀን አይፈጅበትም፣ አንዴም ቢሆን ይጥቀምሽ።

እድሩን ካነሳሁ አይቀር እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሴቶች ላይ ከሥራ በላይ ሚከብደው እሱ ነው፣ ማንም ደግሞ ሥራ ነው ብሎ አይቆጥረውም። ለቅሶ ቤት ወጥ መሥራት፣ እንጀራ መደርደር፣ ሳህን ማጠብ፣ ሦስት ቀን ደጅ ማምሸት። ሰው ሞቶ ሳትደርሺ ብትቀሪ ደግሞ እሷ ምን ሆና ነው ይባላል፣ ነገ የኔ ሲደርስስ ብለሽ ትፈሪያለሽ፣ አውቀዋለሁ። እንዲህ አድርጊ። የእድሩን ዳኛ ወይም የሴቶቹን ሰብሳቢ ሰው ሳይሞት በፊት ሂጂና አናግሪ፣ በሰላሙ ቀን፣ ከቻልሽ ባለቤትሽን ይዘሽ። ሐኪም ረዥም ሕመም ነው ብሎኛል፣ ወጥ ቤት መግባት አልችልም፣ በምትኩ መዋጮውን ላስበልጥ ወይም መዝገቡን ቁጭ ብዬ ልያዝ በዪ። ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ሂጂ፣ ቁጭ በይ፣ ሃያ ደቂቃ አልቅሰሽ አጽናንተሽ ተነሺ። ስትነሺ ምክንያት አትደርድሪ፣ ትንሽ አመመኝ ብለሽ ውጪ። በዛ ሳምንት ደሞ ሌላ ነገር አትያዢ፣ ለቅሶው ከአቅምሽ ላይ ተቀንሷል።

ሥራ ልልቀቅ ወይ ላልሽው አትልቀቂ፣ ቢያንስ አሁን አትልቀቂ። ከሥራ በፊት ሚለቀቅ ስንት ነገር እንዳለ አየሽ አይደል፣ ልብሱ፣ ጀሪካኑ፣ ወጥ ቤቱ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሥራውን ይለቅና የቤቱን ግን እንዳለ ይሸከመዋል፣ ከዛ ደሞዝም የለ ጤናም የለ። አንቺ ቋሚ ስለሆንሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከትሻል። የሕመም ፈቃድ አንቀጽ 85 ላይ ነው፣ ከታመምሽበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ባለው አሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ነው፣ በተከታታይ ወይም በተለያየ ጊዜ ይላል፣ ያቺ በተለያየ ጊዜ ምትለዋ ቃል ላንቺ ነው የተጻፈችው በዪ። ወርዶ መተኛት ግዴታ አይደለም፣ ሁለት ቀን ሦስት ቀን እየተባለ ሊወሰድ ይችላል። ክፍያው የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወሮች ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ክፍያ ነው። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም፣ ከቀረሽ ደግሞ በማግስቱ አሳውቂ። እስካሁን ምን ያህል እንደተጠቀምሽ ቁጠሪና ሙሉ ደሞዝ ሚከፈልበትን በዘፈቀደ አትጨርሺው፣ ለቡናው ወቅት አስቀሪው።

ስለዛች 3,500 ብርም ልበልሽ። ተቆረጠ ብለሽ ዝም ብለሽ አለፍሽው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይ በፍርድ ቤት ካልሆነ ያለ ጽሑፍ ስምምነትሽ ከደሞዝሽ መቁረጥ አይቻልም፣ ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም። አሁን ሂጂና ተጣዪ አላልኩም፣ ቀጥሎ ላለው ንግግር ግን ይህን ማወቅሽ አንገትሽን ቀና ያደርግልሻል።

ቀጥሎ ያለው ንግግር ካለቃሽ ጋ ነው፣ መስከረም ላይ መሆን አለበት፣ ጀንፈሉ ገብቶ መኪና በር ላይ ተሰልፎ አቅራቢው እየጮኸ እያለ አይደለም። ጠዋት፣ በደህና ቀንሽ፣ አጭር አርገሽ። ታምሜያለሁ አዝንልኝ አትበዪው፣ ነጋዴ ነው፣ ሚሰማው ሌላ ቋንቋ ነው። አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አቅራቢዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ፣ ሚዛኑን አውቀዋለሁ፣ አዲስ ሰው በጥቅምት ብታመጣ የስንት ኩንታል ስህተት እንደሚሠራብህ አንተ ታውቃለህ። እኔ ልቆይልህ፣ ግን ሚዛኑ ላይ ቁጭ ብዬ ልመዝግብ፣ ሒሳብ ክፍያውን ጠዋት ጠዋት ብቻ ልክፈል፣ ከሰዓት ሌላ ሰው ይክፈል፣ ብሩን ሁለት ሰው ይቁጠረው። ሦስተኛው ላንተም ነው ሚጠቅምህ በዪው። ሦስት ጥያቄ ነው፣ አትጨምሪበት፣ አንዱን ቢከለክልሽ ሁለቱን ይዘሽ ውጪ። የሐኪሙን ወረቀት አብረሽ ስጪው፣ ኮፒውን ነው ምትሰጪው ዋናውን እንዳትሰጪ፣ እኔ ዋናውን ሰጥቼ ጠፋ ተብያለሁ፣ ከጠፋ በኋላ ደሞ ማን ያምንሻል።

መቼ ነው ምድነው ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን መጠየቅሽ አይቀርም። ብዙ ሰው በጊዜ ብዛት ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ሙሉ ለሙሉ፣ አንዳንዱ በከፊል፣ አንዳንዱ ላይ ይቆያል። እኔ ዛሬም ሙሉ ነኝ አልልሽም፣ ግማሽ ቀን ነው ምሠራው፣ ይሄንንም ደብዳቤ በአራት ቀን ነው የጻፍኩልሽ፣ ትናንት ደህና ነበርኩና ልጨርሰው ብዬ እስክሪብቶ አንስቼ አስቀመጥኩት። ግን አሥራ አንድ ቀን መተኛት ከቀረልኝ ቆይቷል።

የሒሳቡ ነገር ደሞ እስኪሻልሽ ጭንቅላትሽን አትመኚው፣ ወረቀቱን እመኚ። እያንዳንዷን ክፍያ ከሰጠሽ በኋላ ሳይሆን ከመስጠትሽ በፊት ጻፊ፣ ሰው ሲያወራሽ ብር አትቁጠሪ፣ ቆይ በዪው፣ ይቆጣ።

ለሚዛኑ ምትቀመጪበትን ነገር ደግሞ ለነሱ አትተዪው፣ ራስሽ ግዢ። በርጩማ እንዳታመጪ አደራ፣ ባለሦስት እግሩ በርጩማችን አገሩ ሁሉ ሚኮራበት ነው፣ እኔም ቤቴ አራት አለኝ፣ መደገፊያ ግን የለውም፣ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥሽበት ወገብሽ ሌላ በሽታ ይሆንብሻል። ከአናጺዎቹ ጋ ሂጂና ጀርባ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አሠሪ፣ ከታች የእግር ማሳረፊያ እንጨት ይግባበት፣ እግርሽ እንዳይንጠለጠል። መለኪያውን ይዘሽ ሂጂ፣ የሚዛኑን ቁመት፣ አለዚያ እነሱ እንደመሰላቸው ነው ሚሠሩት። ተሸክመሽው እንዳትመጪ ብቻ፣ ባለቤትሽ ያምጣው።